የፒንሳ ጎማ አይወርድም

እህቴ ጎሚስታ ናት። ይህን ስል ከንፈሩን ያጣመመ ሰው ካለ ጎማው መንገድ ላይ ይተንፍስና ያን ጊዜ እንተያያለን። ሴት ጎሚስታ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኛም ከእሷ በፊት አላየንም። አባታችን ሲሞት የተወልን አንድ የአየር መሙያ ማሽን፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ ብረትና ዋናው መንገድ ዳር ያለችውን ጠባብ ቤት ነው። ወንድም የለንም። ቤቷን ለሁለት ከፈልናትና እኔ በአንዱ በኩል የሴቶች ጸጉር ቤት ከፈትኩ፣ እሷ ብረቱን አነሳች። መጀመሪያ ሰሞን ሹፌሮቹ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ባለቤቱ የለም እንዴ?» ይሏት ነበር። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ የቱ ነው ጎማው?» ትላለች። ያልጣመው ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ጎሚስታ ቤት ሩቅ ነውና በተነፈሰ ጎማ እየተንገጫገጨ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ የማትለውጠው አሠራር አላት፤ ቀዳዳውን በዓይኗ ሳታይ አትለጥፍም። የውስጡን ጎማ ትነፋና ውሃ የሞላው ገንዳ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ከዚያ አረፋው በየት በኩል እንደሚወጣ አጎንብሳ ትጠብቃለች። የቸኮለ ሹፌር «በግምት ለጥፊልኝና ልሂድ» ሲላት፣ «በግምት የምትነዳ ከሆነ ሂድ» ብላ ታሰናብተዋለች። ለስላሳ ምላስ አልሰጣትም። ለእኔም አልሰጠኝ፤ የቤታችን ነገር ነው።

ልጇን ፒንሳ ያልናት ገና በአራስነቷ ነው። የጨበጠችውን አትለቅማ! ጸጉሬን፣ የእናቷን ጣት፣ የደንበኛ መነጽር፣ ያገኘችውን ሁሉ ይዛ ትቀራለች። አባቷ መራመድ ሳትጀምር ጥሎን ሄደ፤ ስለ እሱ ይህችው ትበቃዋለች። ፒንሳ ጎማ ላይ ተቀምጣ በላች፣ ጎማ ውስጥ ተኛች፣ ቁመቷ ሲፈቅድላት ደግሞ አሮጌ ጎማ እየነዳች ሰፈሩን አስመረረች። ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት እግሯ ላይ የበለዘ ነገር ይታይ ጀመር። ጎማ ስትነዳ ወድቃ ነው ብለን ተዘናጋን። ቀጥሎ ትኩሳቱ መጣ፤ አልለቃትም አለ። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ነው አሉን።

ሆስፒታሉ ያለው የመንገዳችን ዳገት አናት ላይ ነው፤ ከሱቃችን ደጃፍ ቆሞ በሩን ማየት ይቻላል። ልጆቹ የሚታከሙበት ፎቅ ላይ፣ ከመተኛ ክፍሎቹ ማዶ፣ ላብራቶሪ አለ። እዚያ የምትሠራው ወጣት ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ይዛለች፤ ያው አንድ መድኃኒት አንዱን ልጅ ሲያድን ሌላውን ለምን አያድንም? ይህን ለማወቅ የልጆቹን ደም እያቀዘቀዘች ታስቀምጣለች፣ ትመረምራለች። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ወላጆቹ ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢ አድርገው የመረጧትም ባንክ ቤት የምትሠራ፣ የራሷም ሴት ልጅ ሕክምና ላይ ያለች እናት ነበረች። መጀመሪያ ባዛር አዘጋጀን። ኬኩን ጋግረን፣ ደርድረን፣ ሰው ሲጠፋ እርስ በርሳችን ገዝተን በላነው።

«ኬክ ማን ይፈልጋል? ጎማ አንነዳም?» አለች ፒንሳ አልጋዋ ላይ ሆና፤ ያኔ ጸጉሯን እኔው ራሴ ላጭቻት ሎሚ መስላ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አሮጌ ትንሽ ጎማ ይሰጠዋል፤ የፈለገውን ቀለም ይቀባዋል። የእሽቅድምድሙ ቀን ከእህቴ ሱቅ ደጃፍ እስከ ሆስፒታሉ በር ዳገቱን መንዳት ነው። መሮጥ የሚችል ልጅ የራሱን ይነዳል፤ የማይችል ሯጭ ይመርጣል። ባለሱቁ፣ ሹፌሩ፣ የባንክ ቤቱ ሠራተኛ «ለዚህኛው ጎማ ይህን ያህል» እያለ ቃል ይገባል፤ ጎማው በሩን ሲያልፍ ይከፍላል። ነርሶቹ ከታክሲ ሹፌሮቹ ጋር ተፎካከሩ። ሥጋ ሻጩ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ጎማው ላይ ቁጭ አለ፤ ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ለባዛሩ ስንለምናቸው የሸሹን ሰዎች እየሳቁ ሰጡን።

«ገንዘቡን ለመድኃኒት አታውሉትም ወይ? ምርምር ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እህቴ እንዲህ ያለውን ሰው ገንዳው ድረስ ይዛው ትሄዳለች። ጎማ ነክራ አረፋውን ታሳየዋለች። «ሐኪሞቹ አልሰነፉም፣ ያላቸውን እየሰጡ ነው። ግን ቀዳዳውን ሳያዩ ነው የሚለጥፉት። እኛ የምንገዛላቸው ገንዳውን ነው» ትለዋለች። ገብቶት ይሁን ፈርቷት ይከፍላል።

ከእሽቅድምድሙ በኋላ ጎማዎቹ በሙሉ የሱቋ ውጪ ግድግዳ ላይ፣ በየምስማራቸው ይሰቀላሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያየው ያማረ ግድግዳ ነበር። አንድ ልማድ ግን ነበረን፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ማንም ጮክ ብሎ ተናግሮትም አያውቅም። አንድ ልጅ ሲሞት ጎማው በዝምታ ይወርድና ለወላጆቹ ይሰጣል። ከዚያ ክፍተቱ እንዳይታይ የቀሩትን እናጠጋጋቸዋለን። ወላጆቹም ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አይመጡም። የታመሙት እንዳይደነግጡ ነው እንል ነበር። ከወላጆቹ አንዱ፣ አንድ ረጅም የአውቶቡስ ሹፌር፣ ልጁን ሲያጣ የልጁን አረንጓዴ ጎማ ከግድግዳው አውርዳ ቤቱ ድረስ የወሰደችለት እህቴ ናት።

ፒንሳ ሁለተኛውን ዙር ሕክምና አልቻለችውም። መድኃኒቱ ለእሷ አልሠራም። መጨረሻዋ ሲቃረብ እናቷን «ጎማዬን ማን ይነዳዋል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ።»

«አንቺ? ዳገቱ ላይ ትተነፍሻለሽ።»

«እተነፍሳለሁ፤ ግን እደርሳለሁ።»

«እንዳትለቂው ብቻ» አለች። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ይህን አለሳልሼ የምናገርበት መንገድ የለኝም።

ሐዘንተኛው ከቤታችን ሳይወጣ ሰብሳቢዋ ከአንዲት እናት ጋር ሱቅ መጣች። ቢጫው የፒንሳ ጎማ ምስማሩ ላይ ነው። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ «እንግዲህ… እንደ ልማዳችን…» አለች።

እህቴ የጎማ ማውለቂያውን ብረት እንደያዘች ቀና አለች። «አይወርድም።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ሄደች። የሞተበት ሰው አይመጣም የተባለበት ክፍል ገብታ ዘወትር የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ከጎኗ። ከነበሩት መሐል ሳል የሌለበት ሁሉ ሳለ።

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» አለች ሰብሳቢዋ በመጨረሻ። «ግን ልጆቻችንስ? የእኔዋ ፒንሳ የት ሄደች ስትለኝ፣ ድና አክስቷ አገር ሄደች ብያታለሁ። ያንን ጎማ ስታይ ምን ልበላት?»

«አክስቷ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጸጉር ቤት እንጂ አገር የለኝም።» እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ስሙኝ» አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ። «የልጄ ደም እዚያ ማዶ ላብራቶሪ ውስጥ አለ። ትናንት ገብቼ ጠይቄያለሁ። ተመራማሪዋ አብልጣ የምትፈልገው መድኃኒቱ ያልሠራላቸውን ልጆች ደም ነው። ስለዚህ ልጄ ሥራ ላይ ናት። እናንተ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትተኛላችሁ፣ እሷ ለእነሱ እየሠራች ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ጎማው አይወርድም።»

«ልማዱን አንቺም ስታደርጊው ነበር እኮ» አለ አንድ አባት።

«አድርጌያለሁ። የሹፌሩን ልጅ ጎማ ተሸክሜ በሩ ላይ ሰጠሁት። ተቀብሎኝ በሩን ዘጋው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ፤ ከእንግዲህ ከእኛ አይደለህም ብዬው ነው የተመለስኩት።»

ሰብሳቢዋ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። «ያ ጎማ ለእሽቅድምድሙ ከወጣ እኔም ልጄም አንመጣም። እንድትድን የምለምንላትን ልጅ ሞት ፊት አላቆማትም።» የምትለው ሁሉ ከፍርሃት ነበር፤ ይህን እኛ ካላወቅነው ማን ያውቃል? እሷ ቀረች ማለት ደግሞ አብላጫውን የሚሰጡት የባንክ ቤት ሠራተኞች ቀሩ ማለት ነው።

«አትምጪ» አለች እህቴ። «ጎማው ይወጣል።»

ወደ ቤት ስንመለስ «ተይው በቃ፣ ምርምሩ ይጎዳል፤ ጎማውን ቤት ውስጥ እንስቀለው» አልኳት። መንገድ መሐል ቆመች። «ሞታ እንኳ ልደብቃት? በሕይወት እያለች መላጣዋን አልደበቅኩም።» ከዚያ ቀጥታ የሹፌሩ ቤት ሄደች። ከፈተላት፤ የመጣችበትን ነገረችው፤ እንደዚያኛው ጊዜ ሁሉ በሩን ዘጋባት።

የእሽቅድምድሙ ቀን ጠዋት እህቴ የሥራ ቱታዋን አጥባ ለብሳ ቢጫውን ጎማ ራሷ አወረደችው። ሰው ከአምናው ሳሳ ያለ ነበር። ሰብሳቢዋን ከመንገዱ ማዶ አየኋት፤ ልጇን በጭምብል ሸፍና፣ እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ቆማለች። ልጅቷ አስቸግራ እንዳመጣቻት ያስታውቃል። ወዲያው እጇን አስለቀቀችና ተሻግራ እህቴ ፊት ቆመች።

«የፒንሳ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ሞታለች አይደል?»

እናትየው ከኋላ እየሮጠች ደርሳ ነበር። እህቴ በርከክ ብላ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «አዎ። ሞታለች።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ጎማዎቹ ሲጠጋጉ እናውቃለን።»

«እነማን?» አለች እናቷ።

«ሁላችንም። እናንተ እንዳትፈሩ ብለን ነው ዝም ያልነው።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ባዶዋን ምስማር አየች። «የፒንሳን አላጠጋጋችሁትም። እማ፣ የእኔንም እንዳታወርዱት።»

ሰብሳቢዋ ልጇን እቅፍ አድርጋ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። እንዴት አድርጋ እንዳለቀሰች አልነግራችሁም። ስትነሳ ግን ባለተረከዙን ጫማዋን አውልቃ እኔ እጅ ላይ ጣለችውና የልጇን ወይን ጠጅ ጎማ ይዛ መነሻው መስመር ላይ ቆመች። በስልክ ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ የባንክ ቤቱ ሰዎች ሁለት ታክሲ ሞልተው መጡ።

ልንጀምር ስንል ረጅሙ ሹፌር ከጥጉ ብቅ አለ። አረንጓዴውን ጎማ ትከሻው ላይ አድርጎታል። ቃሪያ ተክሎበት ኖሯል፤ አፈሩ ገና አልተራገፈም፣ ሥሩም ተንጠልጥሎ ነበር። እህቴ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ሌሎቹ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች አልመጡም። አልፈርድባቸውም።

ፒንሳ እንዳለችው እህቴ ዳገቱ ላይ ተነፈሰች። ጎማው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እሷ ትንገዳገዳለች። ሥጋ ሻጩ እንኳ አለፋት! የዳገቱ አጋማሽ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች፤ ቱታዋ ጉልበቷ ላይ ተቀደደ። እጇን ግን ከጎማው አላነሳችም፤ በሆዷ ተኝታ እንኳ ይዛው ነበር። ሹፌሩ አፈር እያንጠባጠበ ከኋላዋ ደረሰ፤ አላነሳትም፣ አልፏትም አልሄደ፤ ቆሞ ጠበቃት። ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ሲለቁት ጆሮዬ ሊበጠስ ነበር። ሁለቱ ከሁሉ በኋላ ጎን ለጎን ገቡ።

በሩ ላይ ተመራማሪዋ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ቆማ ታጨበጭባለች፣ ታለቅሳለች። እህቴ ትንፋሿን እየሰበሰበች አየቻትና «ምን ትቆሚያለሽ? ግቢና ሥራሽን ሥሪ!» አለቻት። ተመራማሪዋ እየሳቀች ገባች።

ገንዘቡ በለጠ ወይስ አነሰ ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። ገንዳው ገና አልሞላም፤ እንሞላዋለን፤ ይሄ ይበቃችኋል።

ማምሻውን ጎማዎቹን መልሰን ስንሰቅል ሰብሳቢዋ መሰላሉን ያዘችላትና እህቴ ወጣች። ቢጫውን በቦታው አደረጉት። አረንጓዴው የት ነበር ስንል ቦታው ጠፋን፤ ስናጠጋጋ ኖረን ማን የት እንደነበረ ተደባልቋል። እህቴ ሁሉንም አወረደችና ምስማሮቹን ነቅላ እንደገና አራርቃ መታቻቸው፤ ወላጆቻቸው ላልመጡ ልጆችም ባዶ ምስማር ተወችላቸው። የእሷ ግድግዳ አልበቃ ሲል ወደ እኔ ተሻገርን። አሁን የጸጉር ቤቴ በር ግራና ቀኝ ጎማ ነው። አንዳንድ ደንበኛ ስትገባ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትላለች። አስቀምጫት ጸጉሯን እያጠብኩ የእያንዳንዱን ባለቤት እነግራታለሁ፣ የሞቱትንም ያሉትንም። መስማት የማትፈልግ ጎማ የሌለበት ጸጉር ቤት ትፈልግ።