ከቀሚሴ ሥር የተጠመጠመው አቡጀዲ

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙን ለመቀበል አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ በሚልበት በዚያ ክረምት ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም የተሳፈርኩበት መኪና ኬላ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሳላስበው ሆዴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ባሌ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እሱ አልተፈተሸም።

የሶዶ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ማስተማር ነው። ከዚያ በፊት በጣም ወፍራም ነበርኩ። ዞር ስል ተማሪዎቼ «ቲቸር በርሜል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ብዙም አይከፋኝም ነበር። በእኛ አገር ወፍራም ሚስት የባሏ ኩራት ናት። በቅቤ የራሰ ቆጮ በዳታ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያችን፣ ቀርቦልኝ እምቢ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ስኳር ተገኘብኝ። ሐኪሙ ሊያባብለኝ እንኳ አልሞከረም። «ወይ ክብደትሽን ትቀንሺያለሽ፣ ወይ አንድ ቀን እግርሽን እንቆርጣለን» አለኝ። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ጎበዝ ነኝ። ቅቤውን ተውኩት፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ዳሞታ ተራራ የሚያወጣውን ዳገት መያያዝ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዓመት ሳይጋመስ ግማሽ ሰውነቴ ሄደ። ስኳሩም ልክ ገባ።

ቆዳዬ ግን ይህን ሁሉ የነገረው የለም። ሥጋው ሲሄድ እሱ እንደነበረ ቀረ። የሆዴ ቆዳ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ ጭኔ ላይ ይወድቃል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የክንዴ ቆዳ ይወዛወዛል። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ መስታወት ውስጥ አሮጊት ታየችኝ። በጠራራ ፀሐይ ባለ ረጅም እጅጌ ሹራብ መልበስ ጀመርኩ። ባሌ ማርቆስ ቤት ካለ ልብሴን አልቀይርም፤ ሊነካኝ ሲል እሸሻለሁ። «ምን አደረግኩሽ?» ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው?

ሰው ደግሞ የራሱን ያወራል። በዚያ ጊዜ ለከሳ ሰው የሚሰጠው በሽታ አንድ ብቻ ነበር። ስሙን በግልጽ የሚጠራው የለም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ቸርች አብረውኝ የሚቀመጡ ሴቶች ሰላም ሲሉኝ እጄን ቶሎ መልቀቅ ጀመሩ። ስኳር ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ከሁሉም የከበደኝ የአማቴ ነገር ነው። እማማ አልታዬ የሚኖሩት ጉኑኖ ነው። ሊጠይቁን ሲመጡ ምንም አይሉኝም፤ ዝም ብለው ያዩኛል። እኔን ያዩና ልጃቸውን ያያሉ። እንዲያ ከሚያዩኝ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

በዚያ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሻሸመኔ እህቴ ጋ ሄድኩ። እማማ አልታዬ ይህን ሲሰሙ «እኔም እዚያ ዘመድ አለኝ፤ አብሬ ልሂድ» አሉ። ደስ አላለኝም፤ ግን አማት እንዴት ይከለከላል? ሻሸመኔ ስንደርስ እሳቸው ዘመዳቸው ቤት አረፉ፣ እኔ እህቴ ቤት።

የእህቴ ጎረቤት ፀጉር ሠሪ ናት። ክንዴን አይታ ከንፈሯን መጠጠችና መድኃኒቱን ነገረችኝ። ቫዝሊን መቀባት፣ በላዩ ላይ ላስቲክ መጠቅለል፣ ከዚያ አቡጀዲ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ መጠምጠም። «ሳትፈቺው ከዋልሽና ካደርሽ ቆዳው ተሰብስቦ ይመለሳል» አለችኝ። በዚያው ቀን ገበያ ወጥቼ አዲስ አቡጀዲ ገዛሁ።

ለቀናት ሆዴን እንደዚያ ጠምጥሜ ከረምኩ። መጀመሪያ ያሳክከኝ ነበር፤ ቀጥሎ ያቃጥለኝ ጀመር። ሲያቃጥለኝ ደስ ይለኛል፤ እየሠራ ነው እላለሁ። ከዚያ ማቃጠሉም ጠፋ። ይሄኔማ ዳንኩ ብዬ ማርቆስ ፊት ስቆም ምን እንደምለብስ ማሰብ ጀመርኩ።

የመመለሻችን ቀን ከእማማ አልታዬ ጋር በሚኒባስ ተሳፈርን። አላባን ስናልፍ ሙቀቱ አናት ይበሳል። አቡጀዲው ስለጠበቀኝ ጎንበስ ማለት አልችልም፤ እንደ ዱላ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አንዳች ደስ የማይል ሽታ ይሸተኛል። ከፊቴ ዶሮ የያዘ ሰው ስለነበር ጥፋቱን ለዶሮው ሰጠሁት። እማማ መስኮቱን ከፈቱት።

ቦዲቲ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን። በዚያን ጊዜ የኮንትሮባንድ ፍተሻ የጠበቀበት ነበር። ወንዶቹን አንድ ወታደር የሚመስል ሰው ይዳብሳል፤ ሴቶቹን ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። እኔ ጋ ደረሰችና እጇ ሆዴ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሆዴ ነው።»

«ሆድ እንዲህ አይደርቅም። ውረጂ።»

 ሁሉም ሰው ገብቶታል። አንዳንድ ነጋዴ ሴቶች ጨርቅ ገላቸው ላይ እየጠመጠሙ ያሳልፉ ነበር። ወረድኩ። «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ! አስተማሪ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ስፈራ ጎበዝ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ስፈራ እጮሃለሁም።

«አስተማሪም ይጠመጥማል» አለችኝና ሹራቤን ገልጣ የቀሚሴን ቁልፍ ፈታችው። የአቡጀዲው ጠርዝ ብቅ አለ። አዲስ ነው፤ የፋብሪካው ሰማያዊ ማህተም እንኳ አለቀቀም። መኪናው ውስጥ ያሉት «ኧረ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ሹፌሩ ክላክሱን ነካ ነካ አደረገ። አንድ ሰውዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «በእሷ የተነሳ እኛ ልንውል ነው? ቀብር አለብኝ!» አለ።

ፈታሿ ከመንገዱ ዳር ወዳለች የቆርቆሮ ቤት አመለከተችኝ። «ግቢ፤ ይፈታል።»

በዚህ ጊዜ እማማ አልታዬ ከመኪናው ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «ብቻ አይገባም። እኔም እገባለሁ» አሉ። የእማማ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ፈገግ እል ነበር። ያን ጊዜ ግን ደነገጥኩ። ፈታሿስ እንግዳ ናት፤ አይታኝ ትረሳኛለች። እሳቸው ካዩ ግን ያ የምደብቀው ገላ ወደ ልጃቸው ጆሮ፣ ከዚያ ወደ ጉኑኖ፣ ከዚያ ወደ ቸርች መሄዱ ነው።

«እማማ፣ እባክዎ እዚህ ይቆዩኝ» አልኩ። ጭራሽ አልሰሙኝም።

ያኔ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ራሴን እይዛለሁ። ወደ ፈታሿ ዞሬ «እሺ፣ ኮንትሮባንድ ነው። ልሸጠው ነው የያዝኩት። ጣቢያ ውሰዱኝ፤ ብቻ እዚህ አትፍቱኝ» አልኳት። በሕይወቴ መርፌ እንኳ በድብቅ አሳልፌ አላውቅም! ለመገለጥ ከምቆም ለመታሰር ቆረጥኩ።

ፈታሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችኝ። «ጣቢያም ብትሄጂ መፈታቱ አይቀርም» አለች።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይዋሻል። ይሄ ልጅ ነጋዴ አይደለም» አሏት።

ገባን። ቆርቆሮው ፀሐይ መትቶት እንደ ምድጃ ይግላል። እጄን ወደ ላይ አነሣሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈታሿ ጫፉን ፈልጋ ሳበችው። እኔ ባለሁበት እዞራለሁ፣ እሷ ትስባለች፣ እማማ ጨርቁ መሬት እንዳይነካ ከሥር ይሰበስባሉ። መጀመሪያ እየተናደደች ነበር የምትስበው። ወደ ውስጥ ስትደርስ እጇ ቀስ አለ። ቀጥሎ ቆመ።

ዓይኔን ስከፍት የአቡጀዲው የመጨረሻ ዙሮች ነጭ አልነበሩም። ቢጫና ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ አርሷቸዋል። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ለካ ዶሮውን በከንቱ ነው የወነጀልኩት።

ላስቲኩን እሷው በጥንቃቄ አነሣችው። ሆዴ ወደቀ። ከእጥፋቱ ሥር፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ማየት በማልችለው ቦታ፣ ቆዳው ተልጦ ቆስሏል። አንዳንዱ ጋ ጠቁሯል።

እማማ የሰበሰቡትን ጨርቅ አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ በወላይትኛ ጮሁ። «ይሄ የመገነዣ ጨርቅ እኮ ነው! በቁምሽ ራስሽን ገነዝሽ?»

አቡጀዲ ለምን እንደሚገዛ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ስንት ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ! ግን ራሴ ላይ ስጠመጥመው አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፈታሿ አልሳቀችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ፊቴ ቁጢጥ ብላ «ስኳር አለብሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሲያምሽ ቆየ?»

«ምንም አያመኝም።»

«የሚያስፈራው እሱ ነው። እናቴን የወሰዳት እግሯ ላይ የወጣ የማያማት ቁስል ነው» አለች። ከቦርሳዋ የራሷን ንጹሕ ነጠላ አውጥታ ሳታጠብቅ ከሆዴ ላይ ጣል አደረገችልኝ፣ ቀሚሴን አስተካከለችልኝ፣ ደግፋ አወጣችኝ። ሹፌሩን «መንገድ ላይ ሰው አታንሳ። ሶዶ ሐኪም ቤት በር ላይ ነው የምታወርዳት» አለችው። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

የቀብሩ ሰውዬ አላስችል አለውና «ምን ተገኘባት?» አለ።

እማማ አልታዬ ዞረው አዩት። «ቁስል ተገኘ። ደስ አለህ?» አሉት።  ሹፌሩ ቦዲቲን እንኳ ሳይቆም አለፋት፤ እዚያ የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ዝም አሉ።

እማማ እጄን ጭናቸው ላይ ይዘው በወላይትኛ በዝግታ አወሩኝ። «ሻሸመኔ የመጣሁት ዘመድ ናፍቆኝ አይደለም። የት ሐኪም ቤት እንደምትገቢ ለማየት ነው። ያ ነገር መስሎኝ ነበር። አንቺም ልጄም ልትሞቱብኝ ነው ብዬ ስጾም ከረምኩ።» ቀጠሉና «ለቆዳ ብለሽ?» አሉኝ። 

ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አነሣ። ጥቂት ቀን ብትቆዪ ኖሮ መርዙ ወደ ደምሽ ይገባ ነበር አለኝ። ተኝቼ ታከምኩ። ስለ ቆዳዬ ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ። ብዙ ዓመት ተለጥጦ የኖረ ቆዳ በመጥበቅ አይመለስም። ጊዜ ሲያገኝና ጡንቻው ሲጠነክር ጥቂት ይሰበሰባል፤ የቀረው በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይሄድም። እስከዚያው እጥፋቱን ማጠብና ማድረቅ ነው አለኝ።

ቤት ስመለስ እማማ ጉኑኖ አልሄዱም። ያን አቡጀዲ በትልቅ ድስት ቀቀሉት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ቀደው ቀደው ትንንሽ ፎጣ አደረጉት። «ለሞት አይሆንም፤ ለቁስል ይሆናል» አሉ። በየቀኑ እኔ ለመንካት የምጸየፈውን እጥፋት በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው በሌላው ያደርቁልኛል። ማርቆስ እንዳይገባ በሩን እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን በሩን መዝጋት ረስቼ ማርቆስ ገባ። ሆዴ በእናቱ እጅ ላይ ነበር። «ውጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሊወጣ ሲል እማማ «ቁም» አሉት። «እኔ አርጅቻለሁ፤ እጄ ይዝላል። ና፣ ያዝልኝ።»

መጣ። ተንበረከከና ያን ሁሉ ወራት የደበቅኩትን ቆዳ በሁለት እጁ ይዞ ከፍ አደረገው። እናቱ እስኪጨርሱ ድረስ አልተነቃነቀም። ሲጨርሱ ቀና ብሎ «ይሄን ነበር?» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ቆዳው ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተሰብስቧል፤ ዳገቱን አልተውኩም፤ ውኃ የተሞላ ጀሪካንም በክንዴ አነሣለሁ። ሲሞቀኝ ግን ባለ አጭር እጅጌ እለብሳለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክንዴ ይወዛወዛል፤ ተማሪዎቼም የሚሉትን ይላሉ።

የዚያችን ፈታሽ ነጠላ አጥቤ፣ ተኩሼ ወደ ኬላው ይዤላት ሄጄ ነበር። ተዛውራለች አሉኝ። ነጠላው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። በየኬላው ፊቷን እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ካገኘኋት ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ውረጂ ሳትለኝ ወርጄ፣ እጄን ወደ ላይ አነሣላታለሁ።