ክዳን የተደፋበት ዶሳ

የወንድሜ ሚስት የማታውቀው ነገር የለም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ «ይሄን አላውቅም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ልጇ ሊያገባት የፈለጋት የደቡብ ህንድ ልጅ ከእናቷ ጋር ጋሃና የሚባለው ሰፈር ወንድሜ ቤት ምሳ ልትመጣ ነው ሲባል ምን ብትል ጥሩ ነው? «የአገራቸውን ቂጣ፣ ዶሳ እሠራላቸዋለሁ!»

እናትየዋ ጋብቻውን አልወደደችውም። ልጅቷ ደግሞ እናቴ እሺ ሳትል አላገባም ብላለች። ያ ምሳ ቀልድ አልነበረም። «እባክሽ የምታውቂውን ሥሪ፣ ሽሮ ይበቃል» ብዬ ለመንኳት።

«እትዬ ደግሞ! የሩዝና የክክ ሊጥ አይደል? እንጀራችንን ኮፒ አድርገው እኮ ነው።»

ኮፒ አድርገው! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ።

ዳውንታውን አብራኝ የምትሠራ ህንዳዊት ስለምታበላኝ ዶሳን አውቀዋለሁ። ሊጡ ቢበዛ አድሮ ነው የሚጋገረው። ስስ ይደረጋል፣ አይከደንም፣ ጥርስ ስር ኩርሽም ይላል። እሷ እቴ! እንደ ጤፍ ሊጥ ቀናት አስቀመጠችው፤ ጠዋት ጠዋት ከላይ ያቀረረውን ውሃ ትደፋለች። ቤቱ በኮምጣጣ ሽታ ታፈነ። እንግዶቹ ተቀምጠው ስትጋግር ደግሞ «ዓይን አላወጣም» ብላ ክዳን ደፋችበት። የዶሳ ዓይን ፍለጋ! እርጥብ ጨርቅ የመሰለ ነገር ይዛ መጥታ «በሞቴ» እያለች ደራረበችላቸው። ሚስቱን የሚፈራው ወንድሜ «ቆንጆ ነው» አለ። ሂድ ወዲያ!

እናትየዋ አንዴ ቀመሰችና ሰሃኑን ገፋ አደረገችው። የወንድሜን ልጅ ላብ አጠመቀው። አለቀለት አልኩ በሆዴ።

ልጅቷ ግን ፊቷን እንኳ ሳታጨማድድ በላች። ተጨመረላት፤ እሱንም ጨረሰች። እናቷ መብላቱን ትታ እሷን ብቻ ታያለች። ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና በእንግሊዝኛ፣ «እኔ ቤት እርጎ ትንሽ ከኮመጠጠ አትነካውም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከዚያ የወንድሜን ልጅ ሰርጉን መቼ እንዳሰቡ ጠየቀችው።

የወንድሜ ሚስት እልልታዋን አቀለጠችው። «አየሽ እትዬ፣ እንዴት እንደወደደችው! ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እሠራላታለሁ።»

ልጁ እያፈረ ተረጎመላት። ልጅቷ ውሃዋን ጨልጣ፣ ፈገግ ብላ አመሰገነች። እንዲህ ያለችውን ልጅ ለዚያች ሴት ምራት ማድረግ ግፍ ነው።