የቁም ተዝካራቸውን የበላንላቸው እሜቴ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ጣልያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ የጻፍሁት ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ያሰፈሩትን ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም፤ ድምፄ ይጠፋል። የሌላ ደብር ሰዎች መጥተው አባቴን "ነዳያኖቻችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከየት ነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ አባቴ ወደ እኔ ይጠቁማሉ። እኔ ደግሞ ወደ ጓዳ እገባለሁ። መናገሩ ካቃተኝ እንግዲህ ልጻፈው አልሁ።

አባቴ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ያለው የደብራችን ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። በጣልያን ጊዜ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ባሏ ጫካ የገባባት፣ ጧሪ ያጣ ሁሉ ከየአገሩ እየመጣ ደጀ ሰላማችን ላይ ይጠጋ ነበር። እኔ ያኔ ልጃገረድ ነበርሁ። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ውኃ እየቀዳሁ አደርስላቸዋለሁ።

እሜቴ የምላቸው ባልቴት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዘጌ መንገድ፣ የጌሾና የሎሚ አትክልት ነበራቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸውንና ሽማግሌዎችን ጠርተው ተናዘዙ። "ከሞትሁ በኋላ አትክልቴ ደጀ ሰላም ለወደቁት ድሆች ይሁን" አሉ። ተዝካሬን የሚያወጣልኝ ልጅ የለኝም ብለውም በቁማቸው አወጡት። ደብሩ ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። እሜቴ በዚያ በሚያማቸው እግር በሰዉ መካከል እየዞሩ "ብሉ እንጂ፣ ለሟቿ ስትሉ" እያሉ ያስቁን ነበር።

ስሕተቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

እሜቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበር መምጣት ላልቻለ ሰው መክፈልቱ፣ ማለት ከተባረከው ዳቦ ድርሻው፣ ወደ ቤቱ ይላክለታል። የእሳቸውን በቅጠል ጠቅልዬ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። ከተዝካሩ ቀጥሎ በዋለው ማኅበር እንደ ልማዴ ቅርጫቴን ይዤ ቆምሁ። ዳቦውን የሚቆርሱት ሽማግሌ አዩኝ።

"ለማን ነው?"

"ለእሜቴ።"

"ተዝካሯ ወጥቶ የለ? ተዝካሩ ለወጣ ሰው መክፈልት አይቆረስም። ሥርዓት ነው።"

ሥርዓቱ ልክ ነው፤ ለሞተ ሰው። እሜቴ ግን በዚያ ሰዓት ጌሾ እየኮተኮቱ ነበር። ከሽማግሌ ጋር መከራከር አይሆንልኝምና ተመለስሁ። አባቴም ወደ እሳቸው መሄድ ትተው ነበር። "ከተናዘዙ ወዲያ ደጃቸውን ብናዘወትር ሞታቸውን የምንጠብቅ ይመስላል" ይላሉ። ሌላውም ሰው እንደዚሁ እያሰበ ቀረ።

ያልቀረ አንድ ሰው ነበር፤ የባላቸው የወንድም ልጅ። ጣልያን በሚያሠራው መንገድ ላይ ካቦ ሆኖ ሠራተኛ ያዝዛል። ከሥራ ሲወጣ ስኳር፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም መኮሮኒ ይዞ ይመጣላቸው ነበር። አትክልቱን እንደሚመኘው አገር ያውቃል። ግን ይመጣል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከእሜቴ ዘንድ ለአባቴ መልእክት ደረሰ። "ቃሌን ልለውጥ ነውና ለፊታችን እሑድ የንስሐ አባቴንና ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና" ይላል። አባቴ የቀረበላቸውን ምሳ ሳይነኩ ተቀመጡ። ደጀ ሰላሙ ሞልቷል፤ ለመጪው ጊዜ ያለን ተስፋ ያ አትክልት ብቻ ነው።

"ምን አጎደልንባቸው?" አሉ።

ያን ጊዜ የዳቦውን ነገር ነገርኋቸው።

"በቁማቸው ቀብረናቸዋላ" አሉ። ከቤታችን ዳቦ ቆርሰው በቅጠል ጠቀለሉልኝ። "አንች ሂጅ። እኔ ብሄድ ለአትክልቱ መጣ ይሉኛል።"

እሜቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይቀነጥሱ ነበር።

"ማነሽ?" አሉኝ፣ እያወቁኝ።

"እኔ ነኝ፣ እሜቴ።"

"መቃብር ልትጎበኝ መጣሽ?"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

"ጥሩ ቀብር ነበር አሉ። ደብሩ ሁሉ ተገኝቷል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ዳቦውን አጠገባቸው አስቀመጥሁና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ያህል ረጅም ነገር ተናገርሁ። "አባባ የቀሩት ጠልተውዎ አይደለም። ሞትዎን የሚጠብቁ እንዳይመስልዎ ፈርተው ነው።"

እሜቴ ከጭናቸው ላይ ቅጠሉን አራገፉ።

"እኔስ እየጠበቅሁት አይደለም? አብረን እየተጫወትን ብንጠብቀው ምን ነበረበት? ያ ካቦ ትል የመሰለ ምግብ እያመጣ ይጠብቃል። ቢሆንም ቁጭ ብሎ 'እግርዎን እንዴት አደረገዎ' ይለኛል።"

ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ። እየበላን ሳለ "ለመሆኑ አትክልቴን የሚበሉት እነማን ናቸው?" አሉኝ። ለካ ማንም ነግሯቸው አያውቅም። እኔ አውቃቸው ነበርና ነገርኋቸው፤ ከመሸንቲ ማዶ ቤቷ ተቃጥሎ ሁለት ልጆቿን ይዛ ስለመጣችው ሴት፣ ንፍሮው ጨው አንሶታል እያሉ ስለሚቆጡት ዓይነ ሥውር አዛውንት።

"ቁጡ ነው?"

"በጣም።"

"እሱን አምጭልኝ። እዚህ የሚከራከረኝ ሰው የለም።"

በማግሥቱ ሁሉንም ይዣቸው ሄድሁ። ሴትዮዋ ጌሾ ለቀመች። ልጆቿ ከሎሚው ሥር የወደቀውን ሰበሰቡ፤ ከሰበሰቡትም የበዛውን መጠጡት። አዛውንቱ ከእሜቴ ጎን ተቀምጠው ቅጠሉን በጣታቸው አሹና "ይኸ አርጅቷል" አሉ።

"አንተ ነህ ያረጀኸው" አሏቸው እሜቴ።

እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። ስንመለስ እሜቴ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙን።

እሑድ አባቴ፣ የንስሐ አባታቸውና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ካቦውም ኮት ለብሶ መጥቷል። ዳቦ የሚቆርሱት ሽማግሌ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር።

"ቃሌን እለውጣለሁ ብያለሁ፤ እለውጣለሁ" አሉ እሜቴ። "ሎሚው ለዚህ ልጅ ይሁን። ሰው ሲረሳኝ ጠይቆኛል። ጌሾው ያው የድሆቹ ነው። ግን 'ከሞትሁ በኋላ' ብዬ ነበር፤ እሱን ትቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምረው ይልቀሙት፤ ዓይኔ እያየ ይብሉ። አንተ ደግሞ" አሉ ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ "ዳቦዬን እንዳትረሳ።"

"ሥርዓቱ እኮ..."

"ሥርዓቱን ስሞት ታደርሰዋለህ።"

ሁሉም ሳቀ። ካቦውም "ሎሚውም አይከፋም" አለ። ከዚያ በኋላም መምጣቱን አልተወም፤ መኮሮኒውን ግን ተወ።

ከዚያ ወዲህ ለደብራችን የሚናዘዝ ሰው ሲመጣ አባቴ አስቀድመው "እንዳንሰለችዎ ብቻ" ይሉታል። መክፈልቱ በየወሩ ይደርሰዋል፤ የሚረዳቸውን ሰዎች ይዘን እንሄዳለን። ሲታመም እናስታምማለን። ስለ ኑዛዜው አናነሣም፤ ካነሣው እሱ ያንሣው። ከተናዘዙት ቃሉን የለወጠብን የለም።

እሜቴ ጣልያን ሲወጣ አይተዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዐረፉ። ተዝካር አልተደገሰም፤ ወጥቷልና። ነገር ግን የደጀ ሰላሙ ሰው በሙሉ ጌሾው መካከል ቆሞ አለቀሰላቸው፤ አዛውንቱም ከሁሉ ይልቅ አለቀሱ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ዝናብ ማኅበሩን ባስቀረበት ወር ነው። መክፈልት አልነበረም። ባዶ እጄን መግባት አፍሬ ደጃፋቸው ላይ ስቆም ጠርተው አስገቡኝ፤ ስለ ሴትዮዋና ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፤ የምነግራቸውን ሁሉ ሰሙ። ልወጣ ስነሣ እጄን ያዙኝና እንዲህ አሉኝ፦

"ዳቦ ባይኖርም ነይ።"