አፈር የማይነካበት ሳምንት

ታፈረን የላሊበላ ሰው «ታፈረ ኮረንቲ» ይለዋል። ለሥራው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ሲነኩት ይነዝራል። ማለዳ «እንዴት አደርክ?» ያለውን ሰው ሰድቦ ሲያበቃ፣ ማታ ቤቱ ሄዶ አምፖሉን በነፃ ይቀይርለታል። ሚስቱ ትሕትና «ቆጣሪ እንኳ መብራት ሲጠፋ ያርፋል፤ የኔው ግን ጨለማም ቢሆን ያጉረመርማል» ትላለች።

በዚህ ታኅሣሥ ግን ለማጉረምረም በቂ ምክንያት ነበረው። የደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ሆቴሉንም ሱቁንም እያዩ መጥተው የወይዘሮ የትናየት ሆቴል ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዙ። ፍሪጁ ይነዝራል። ከኋላው የላስቲክ ጫማ ተሰቅሏል፤ ወተት የሚያወጣ ሁሉ እሱን ተጫምቶ ነው የሚከፍተው። ወጥ ቤቷ ይማርሽ በአንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ሁለት ምድጃና አንድ የውኃ ማፍያ ሰክታ፣ ገመዱ ሲግል እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ሻወሩማ አይወራ። ባለፈው ዓመት አንድ ፈረንጅ ቧንቧውን ሲነካ ቢያንቀጠቅጠው፣ አስጎብኚው «የቦታው በረከት ነው» ብሎ አስረዳው፤ ሰውየውም አምኖ በማግስቱ ደግሞ ታጠበ አሉ።

የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ወንድምአገኝ የሚባል ከወልድያ የመጣ ጥርሱን የማያሳይ ሰው ነው። ወይዘሮ የትናየትን ትቶ ወደ ታፈረ ዞረ።

«ይህን ቤት የዘረጋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ስዘረጋው እንዲህ አልነበረም። እነሱ ናቸው እየጨመሩ…»

«ፊርማው ያንተ ነው። አምና በአንድ መጋዘን ሥራ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል። የተክለ ሃይማኖት ዕለት ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያን ቀን ሁሉም ካልተስተካከለ የሥራ ፈቃድህን ትመልሳለህ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ፈቃዱ ከሄደ ታፈረ ኮረንቲ ታፈረ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው፤ ከኮረንቲ በቀር ደግሞ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ሰውየው ሥራ ያውቃል፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። የተቃጠለውን ሶኬት ነቀለ፣ የላላውን አጠበቀ፣ ብሬከሩን ለወጠ። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ያስተካከለውን ከሰዓት ፈርሶ ያገኘዋል። ይማርሽ ማከፋፈያዋን ከቆሻሻ ገንዳ መልሳ አምጥታ ሰክታዋለች።

«ይማርሽ! ይህን ትናንት ጥዬው አልነበረም?»

«ጥለኸው ነበር። ደህና ዕቃ ይጣላል እንዴ? አጥቤዋለሁ እኮ።»

«በውኃ?!»

«በምን ልጠበው ታዲያ፣ በጠጅ?»

ታፈረ ማከፋፈያውን በፒንሳ ሁለት ቦታ ቆርጦ ኪሱ ከተተው። እንዲህ እየተሟገተ ሁሉንም ጨረሰና አንድ ነገር ቀረው፤ የመሬት ሽቦው። የሚሾልከው ኮረንቲ ሰው ላይ እንዳይወጣ ወደ አፈር የሚወስደው እሱ ነው። ለዚያ የመዳብ ዘንግ አፈር ውስጥ ጠለቅ ብሎ መቀበር አለበት። ሆቴሉ ግን የተሠራው ድንጋይ ላይ ነው። በላሊበላ ድንጋይ መፈልፈል የሚሳካው መላእክት ላገዙት ነው፤ ለታፈረ መልአክ አልተመደበለትም። አፈር ያለው ከአጥሩ ሥር፣ በደብሩ የአብነት ተማሪዎች ሰፈር በኩል ብቻ ነው። ከብልባላ መጥቶ በቁፋሮ የሚያድረውን አዝመራውን አስጠራ።

«ዛሬ?» አለ አዝመራው፣ ነጭ ጋቢውን እያስተካከለ። «አያ ታፈረ፣ ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው!»

«ጉድጓድ ነው ያልኩህ፣ እርሻ እረስ አላልኩህም።»

«አፈር አፈር ነው። የሰው እህል ገና አውድማ ላይ ነው፤ ዝናብ ቢያወርድበት ማን ሊጠየቅ ነው? አንተ ልትከፍል ነው?»

«እሺ፣ ነገ።»

«ነገማ ችግር የለውም። ነገ ባዶ ቀን ነው።»

በዚያው ሌሊት የሰፈሩ አሮጊት እትዬ ብርቅዬ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስንት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ አልተርፍም» ሲሉ የኖሩ ሴትዮ፣ ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጠው ታፈረ የተቀጠረበትን ባዶ ቀን ያዙ። ዕድሩ ወጣ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ ታፈረም ወጣ፤ ባይወጣ ሲሞት ማን ሊቀብረው ነው? አዝመራው ያን ቀን ቆፈረ፤ የቆፈረው ግን መቃብር ነው። ታፈረ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ሲያይ፣ ጥልቀቱ ልክ ለዘንጉ የሚሆን ነበር። እንባው መጣ። ለቀስተኛው «እንዴት ይወዳቸው ኖሯል!» አለ።

ከዚያ ማርያም ሆነ። በማግስቱ ብሥራት ነው። ከዚያ ጊዮርጊስ፤ ከጊዮርጊስ በኋላ ያለችው ወንድምአገኝ የሚመጣባት ተክለ ሃይማኖት ናት። ታፈረ ራሱ ዶማ እንዳያነሳ፣ በማርያም አፈር ቆፈረ ከተባለ በዚያ ዓመት ለወደቀ በረዶ ሁሉ ስሙ ሲነሣ ሊኖር ነው። አሰብ ሲያደርግ ሀሰን ትዝ አለው፤ ግንበኛ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ደግሞም እስላም ነው።

ሀሰን ሳቀበት። «ታፈረ ወንድሜ፣ ወላሂ ላንተ ተራራ እደረምስልህ ነበር። ግን በማርያም?»

«አንተን ማርያም ምን አገባችህ?»

«ጎረቤቶቼን ያገባቸዋል። በረመዳን እኔ ፊት ውኃ የማይጠጣ ሰው አለ፤ እኔ ታዲያ ቤቱ በር ላይ በበዓሉ ዶማ ላንሳ? እናቴ ሐምዲያ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።»

ታፈረ የሚሰድበው አጣ። ይህ ከሁሉ አበሳጨው።

ወይዘሮ የትናየት በበኩላቸው የገናን እንግዳ እየቆጠሩ ይቅበጠበጣሉ። «አንተ ታፈረ፣ ዘንጉን በአበባ ማሰሮ ውስጥ ብትተክለውስ? ማሰሮውም እኮ አፈር አለበት።»

«እትዬ የትናየት፣ እርስዎን ከነማሰሮው ብተክልዎት ይሻላል።»

«ምን አልክ?»

«ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን አይሆንም አልኩ።»

በመጨረሻ ወደ ወይዘሮዋ የንስሐ አባት፣ ወደ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ሄደ። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ተማሪዎቹንም የሚጠብቁ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩና ቀስ ብለው የሚያሸንፉ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ይፍቱኝና ልቆፍር።»

«ሽቦ መሳብ ሥራ ነው አልልህም። አፈር ግን አይነካም፤ ለሆቴልማ እንዴት ተብሎ?»

«ሰው በኮረንቲ ቢሞትስ?»

«በሞተ ጊዜ ይቆፈራል። መቃብር በዓል የለውም።»

 መምሬ ጢማቸውን አሻሹና ወደ አጥሩ አሳዩት።

«ለተማሪዎቹ ቧንቧ ማስገባት ከፈለግን ቆይተናል። ቦዩ በዚያ በአጥሩ ሥር ነው የሚያልፈው። እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ለበረከት በበዓልም ይቆፈራል። አፈሩ ከተከፈተ በኋላ ያ ዘንግህ ውስጡ ወደቀ አልወደቀ… እኔ ዓይኔ ደክሟል።»

ታፈረ እጃቸውን ሊስም ዘለለ።

«ቆይ። የተማሪዎቹ ጉባኤ ቤት መብራት የለውም።»

«እኔ ነኝ የምዘረጋው አባ! በነፃ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ አውደ ምሕረት ላይ ወጥተህ ለሕዝቡ አንተው ንገር፤ ያንተን አፍ ይሰማሉ።»

በጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ መልስ ታፈረ ወጣ። «የቤተ ክርስቲያን ሥራ በበዓል ኃጢአት የለውም! እንዲያውም በረከት ነው! በዓል ነው ብሎ የሚቀር ሰነፍ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከመምሬ ቀደም ብሎ አሜን ያለው አዝመራው ነው። ዶማ የሌለው በእንጨት፣ እንጨት የሌለው በእጁ ቆፈረ። ሀሰንም ዶማውን ተሸክሞ መጣ፤ «ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ እኔም ጎረቤት ነኝ» አለ። ታፈረ ከቦዩ ወለል ላይ ዘንጉን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ሕዝቡ በእልልታ አገዘው፤ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። አፈሩ ኮረንቲ እንዲስብ ጨውና ከሰል ነሰነሰ፣ ውኃ አፈሰሰ፣ ሽቦውን አስሮ ወደ ሆቴሉ ጎተተ።

በማግስቱ ወንድምአገኝ መጣ። ፍሪጁን በባዶ እጁ ነካ። ሻወሩን ነካ። መለኪያውን ከሽቦው ጋር አገናኝቶ አየ። ይማርሽ ከበሩ ኋላ ታማትባለች።

«ይበቃል» አለ ወንድምአገኝ። «ፈቃድህ እጅህ ላይ ይቆይ።»

ወይዘሮ የትናየት እልል አሉ። ታፈረ ግን አልተደሰተም፤ ደክሞታል። ቤቱ ሄዶ ጫማውን አውልቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት በዓል ሊያከብር ጋደም እንዳለ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ተማሪ ላኩበት። ጉባኤ ቤቱ ዛሬውኑ ይዘርጋ አሉ።

እየሮጠ ሄደ። «አባ፣ ዛሬ እኮ ተክለ ሃይማኖት ነው!»

«በዓል ነው ብሎ የሚቀር ሰነፍ ነው ያለው ማን ነበር?» አሉ መምሬ በቀስታ። «ደግሞ የሌላ ደብር አለቃም ሰምተው ልከዋል፤ በሚቀጥለው በዓል ትሄድላቸዋለህ። በሥራ ቀንማ ሆቴሎቹ ይይዙሃል፤ ለኛ በዓሉ ይበቃናል።»

ታፈረ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በልቡ ቆጠረና ተወው። መሰላል ላይ ወጣ። አዝመራው ከሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በነጭ ጋቢው ተጀቡኖ ጠላውን ይጠጣል።

«አዝመራው፣ ያቺን ፒንሳ አቀብለኝ።»

አዝመራው ፒንሳዋን አየ፣ ታፈረን አየ፣ ጣሳውን አነሣ።

«በተክለ ሃይማኖት?»

ታፈረ ፒንሳዋን ሊያነሣ ራሱ ወረደ። እየወረደ የተናገረውን ተማሪዎቹ ንባባቸውን አቁመው አዳመጡት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሳደቡ ዜማ ጨምረውበት ይሉታል።