የእኔ የተባለው ዘፈን

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። በዋዜማው የጫት በርጫ ላይ ጓደኞቹ ሲከራከሩ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበርና እሱን ያወራልኛል። ዕድሜ ልክህን አንድ ካሴት ብቻ ስማ፣ ከዚያም ውስጥ አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ ብትባል የትኛውን ትመርጣለህ? ክርክሩ ይኸው ነበር። ልጆቻችን አልበም ይላሉ፤ እኛ ካሴት ነው የምንለው።

"አንዱ ሦስት ካሴት ቆጠረ። አቦ፣ አንድ ነው የተባልከው ብለን ጮህንበት!" አለና ሳቀ። "ያንቺማ የታወቀ ነው።"

"የታወቀ ነው" አልኩ።

ቅጠሉን በጣቶቹ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። "ዱጉማ?" አለኝ። እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው፤ እውነቱን ሲፈልግ በኦሮምኛ ነበር የሚጠይቀኝ።

"እሱኑ ነው፤ ስንት ጊዜ ልንገርህ?"

ምስሩ አልቆ ነበር። ሰፌዱን ይዤ ተነሣሁ።

በማግስቱ ንጋት ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ሲያደርግ፣ እግሩን ሲታጠብ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፈ። በዚያው ቀን ለዐስር ሰላት ቀበሩት።

የዋሸሁት የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም። ከተጫጨን በኋላ ከአክስቴ ጋር ከገለምሶ ወደ ጭሮ ስንመጣ እሱም በዚያው ሚኒባስ ተሳፍሮ ነበር። ሹፌሩ ከበሮው ጆሮ የሚበጥስ ዘፈን ከፍቷል። ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብሎ "ወደድሽው?" አለኝ። አክስቴ በጉልበቷ ጉልበቴን ጫን አደረገችው። ዝም በይ ማለቷ ይሁን መልሺለት ማለቷ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቶሎ እንዲያበቃ ብዬ "እወደዋለሁ" አልኩ። በሳምንቱ ካሴቱ በወንድሜ እጅ መጣልኝ።

ሥራው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ በሩ በቀጥታ ዋናው መንገድ ላይ ይወጣል። ምሳውን ይዤ በውስጥ በር ብቅ ስል የያዘውን ብየዳ ትቶ ያንን ዘፈን ይከፍትልኛል። ባጃጃቸውን አቁመው ቴፕ የሚያሠሩት ሹፌሮች ይቀበሉታል። "የዘፈኑ ባለቤት መጣች! ድምፁን ጨምርላት እንጂ!" የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስገባም እሱ ነበር የተከፈተው። በመጀመሪያው ዓመት ብነግረው አብረን እንስቅበት ነበር። አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሃያ ስድስት ዓመት ፈገግ አልኩ።

ስለ ካሴቱ እንኳ አልዋሸሁም። ከካሴት ሁሉ የምመርጠው እሱኑ ነው። ዘፈኑ ግን ሌላ ነው፤ የሁለተኛው ገጽ የመጨረሻው። አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዘፋኙ ጎረቤት እንዳይሰማበት የፈራ ይመስል ዝቅ ብሎ ነው የሚዘፍነው። ዋናው ካሴት ሲበላሽ ባለቤቴ አጠር ባለ ክር ላይ ገለበጠውና ያ ዘፈን መሐል ላይ ተቆረጠ። አንድ ቃል ተጀምሮ ሳያልቅ ቴፑ ቀጭ ብሎ ይቆማል። "ይቺን በደልኳት፤ አንድ ቀን እደግማታለሁ" ይል ነበር። "ተዋት" እለዋለሁ። እሱ ገበያ ሲሄድ ብቻዬን እስከዚያ ቃል ድረስ እሰማና እጠቀልለዋለሁ። አሁን ሙሉው በስልክ ይገኛል አሉ። አልፈለግሁትም።

አሁን ኢዳ ላይ ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷን ትጠብቃለች። የምኖረው በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስኮትና በተዘጋው የሱቅ በር መሐል ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት አብራኝ ናት። ሴቶቹ እየመጡ ያጽናኑኛል፤ ባጃጅ የሚነዱት ጓደኞቹ ግን ባዕድ ወንዶች ናቸውና አይገቡም። መጀመሪያ ሰሞን በቤታችን ፊት ሲያልፉ ሙዚቃቸውን ያጠፉ ነበር። ከአርባው ቀን በኋላ አንደኛው ምን እንደታየው እንጃ፣ መስኮቴ ሥር ሲደርስ ዘገም አለና ያንን ዘፈን ከፈተ። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። ዛሬ ከቦርደዴ ሰው ጭነው የሚመጡት ሳይቀሩ እዚህ ሲደርሱ ይከፍቱታል። ከበሮው መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ወጥቼ አላስቆማቸው፣ ልሽሸውም ብል የት እሄዳለሁ?

እህቱ መጀመሪያ ተቆጣች። "በኢዳ ቤት ፊት ዘፈን! አያፍሩም?" ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። "ላንቺ እኮ ነው! መግባት ቢከለከሉ በዚህ መጡልሽ" አለችና አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ "ካስጨነቀሽ ግን ተናገሪ። አንድ ቃል ብነግራቸው ይተዋሉ። ላስተዋቸው?" አለችኝ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እታለም፣ የእኔ ዘፈን አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም ልላት ነበር። ብነግራት ቃሉ ከሷ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ሹፌሮቹ ይሄዳል። እሱም የገዛ ሚስቱ የምትወደውን ሳያውቅ የሞተ ሰው ተብሎ በየበርጫው ይወራበታል። እሱ ደግሞ ጠይቆኝ ነበር። ዱጉማ ብሎኝ ነበር።

"ተያቸው፣ እታለም" አልኳት። "ደስ ይለኛል።"

"አውቃለሁ" አለችኝና ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

ኢዳዬ ሊያልቅ ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቶታል። ካሴቱ ሱቅ ውስጥ፣ ቴፑ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የሱቁን በር አልከፈትኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጆቹ መምጣት ሲጀምሩ የያዝኩትን አስቀምጬ መስኮቱን እከፍትላቸዋለሁ።