ለእትዬ ዘይነብ ያልነገርኋቸው

ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ዘይነብ ከረጅም ሕመም በኋላ ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ባሕር ዳር ወደ አኼራ ሄደዋል። በለቅሶው ላይ «እንደ ልጅ ሆነሽ አስታመምሻቸው፤ ምንዳሽን አላህ ይክፈልሽ» ብላችሁ የመረቃችሁኝ ሁሉ፣ ምርቃቱ አይገባኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስፌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለችው ሱቃቸው የተማሪ ደንብ ልብስ ሲሰፉ እጥፋቱን ወደ ውስጥ ሰፋ አድርገው ይተዉ ነበር፤ በዓመቱ ልጁ ሲረዝም ፈትተው በነጻ ያስረዝሙለታል። «ልጅ ባደገ እናቱ ለምን ትሳቀቅ?» ይሉ ነበር። እኔን ግን አይምሩኝም። ስፌቴ ከጠመመ «ፍቺው! ዐይንሽን ቤት ጥለሽው ነው የመጣሽ?» ይሉኛል።

የጡት ካንሰር ሲገኝባቸው፣ ዓይነቱ ፈጥኖ የሚዛመት ነው ተባለ። በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጀመሩ፤ ፀጉራቸው ረገፈ፣ እህል አስጠላቸው። ከአራተኛው ዙር በኋላ ግን ዕብጠቱ በእጅ ሲዳሰስ እንኳ የማይገኝ ሆነ። ሐኪሙ እንደ አገራችን ልማድ አስታማሚዋን እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «መድኃኒቱ ጥሩ ሠርቷል። ግን ጠፋ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ እንዲህ ያለው ቶሎ ይቀንሳል፣ ካቋረጡት ቶሎ ይመለሳል። የቀሩትን ዙሮች ይጨርሱ፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና አለ» አለኝ።

ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። «ሠርቷል እትዬ፣ ጠፍቷል» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አቅፈውኝ አለቀሱ። የቀረውን ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። በማግሥቱ እህታቸውን ሊያበሥሩ ወረታ ሄዱ፤ ሲመለሱ ስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው ሲያንጎራጉሩ አገኘኋቸው። ያን ደስታ እንዴት ብዬ ላፍርስባቸው? ሐኪሙ የሰጠኝ የቀጣዩ ዙር የቀጠሮ ካርድ በእኔ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ቀኑ አለፈ። ወይኔ!

ከወራት በኋላ ሳል ጀመራቸው። ካንሰሩ ሳንባቸው ገብቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ቢደገምም እንደ በፊቱ አልሠራላቸውም። አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ «አልማዝ፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ ሌላ የነገረሽ ነገር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም» አልሁ።

እትዬ ዘይነብ፣ ነበር። የቀሩትን ዙሮችም፣ ቀዶ ሕክምናውንም ነግሮኝ ነበር። ብነግርዎ ይድኑ እንደነበር አላውቅም፤ መወሰኑ ግን የእርስዎ ነበር፣ ቀማሁዎ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። ያደረግሁት ከፍቅር ነው እንዳልል፣ ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ።