ጋሽ ሰይድ አቡጀዲ ያለበሱት ጋን

ትናንት በጣና ዳር ሳልፍ የልጅነት ግቢያችን የነበረበትን ቦታ ስካቫተር ሲገለብጠው ደረስሁ። የእርጥቡ ጥቁር አፈር ሽታ ከደንገሉ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲገባ ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን ክረምት ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ትዝ የሚለኝ አባቴ የሰበረው ጋን ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ከወረታ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እኛ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ አገጫችንን ባንኮኒያቸው ላይ አስደግፈን እንቆማለን፤ እሳቸውም አቡጀዲ እየለኩ የዓለምን ነገሥታት ከመቃብር ይቀሰቅሱልናል። የናፖሊዮንን ቁመት በሜትራቸው ያሳዩናል፣ ጄንጊስ ካንን ባንኮኒው ላይ ያስጋልቡታል፣ ዘመኑ ሲምታታባቸው ደግሞ ሁለቱን ያዋጓቸዋል። ከሁሉ የሚወዱት ግን የልጁን ፈርዖን መቃብር ያገኘውን ሰው ነበር። ሻማ ይዞ በቀዳዳ አጮልቆ ያየውን የሚናገርበት ላይ ሲደርሱ መቀሳቸው አየር ላይ ይቀራል፤ ገበያተኛዋም "ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ጨርቄን ይቁረጡልኝ!" ብላ ትጮኻለች። "እኔም አንድ ቀን ከመሬት የወጣ ነገር በዓይኔ ባየሁ" ይሉ ነበር፤ ሌላ ምኞት የነበራቸው አይመስለኝም።

አንድ ዓርብ ጠዋት አባቴና ጎረቤቶቻችን ግቢው ውስጥ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አፉ በጭቃ የተመረገ ትልቅ ጋን ብቅ አለ። ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን ክፍት ጥለው ሮጡ። የሚያውቁ ሰዎች መጥተው እስኪያዩት ማንም እንዳይነካው ለመኑ፤ ከጣቃው ላይ አዲስ አቡጀዲ ቀደው ጋኑን እንደ ሙሽራ ካለበሱት በኋላ ለጁምዓ ሶላት ሄዱ። እነ አባቴ ግን እስኪመለሱ እንኳ መታገሥ አቃታቸው! አንዱ "ወርቅ ነው" አለ፣ ሌላው ማለ፣ አባቴም፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ድጅኖውን አነሣ።

ከውስጡ የፈሰሰው እንደ ከሰል የጠቆረ ዳጉሳ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሲደርሱ እናቴ ጠርጋ ሐይቁ ውስጥ ደፍታው ጨርሳለች። አባቴ እሳቸው ያታለሉት ይመስል "ወርቅ የለውም እኮ!" ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸው ከአፈሩ የቀረችውን ጥቂት ፍሬ ለቅመው መዳፋቸው ላይ አዩአት፤ "ይህን ማን አጭዶት እንደነበረ እንሰማ ነበር እኮ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ዋጋ ይናገራሉ፤ በቃ። ናፖሊዮንም ጄንጊስ ካንም ወደዚያ ሱቅ አልተመለሱም። አባቴን በዚህ ነገር እስከ ትናንት ይቅር አላልሁትም።

ትናንት ስካቫተሩ ከገለበጠው አፈር ውስጥ የሌላ ጋን ትከሻ ታየኝና ሳላስበው "አቁም!" ብዬ ጮኽሁ። ልጄ የሚሆን ወጣት ፎርማን መጥቶ "እማማ፣ ወርቅ ነው እንዴ?" አለኝ። ወርቅ ነው ካልሁት ድጅኖ ይመጣል፤ ሸክላ ነው ካልሁት ማሽኑ ይቀጥላል።

"ሸክላ ነው" አልሁት።

"ታዲያ ምን ያስጮኽዎታል?" ብሎ ኦፕሬተሩ እንዲቀጥል እጁን አወዛወዘ።

ወርጄ ጋኑን ነጠላዬን አለበስሁት፤ ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ ስካቫተሩም ጋኑን ከነነጠላዬ አፈር አለበሰው። ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። አባቴ እንኳ ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ጓጉቶ ነበር።